መቀስ ለበኩር ወላጅ ሁሉ

ልጄ ደሴ ላይ የወለደች ቀን ያዋለደቻትን ነርስ በር ላይ ጠብቄ ያዝኳት። ገና ልጅ ናት፣ ከልጄም ታንሳለች። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት “ቆረጣችኋት?” አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ሲገባት ፈገግ ብላ፣ “ኧረ አልቆረጥናትም እናቴ። የግድ ካልሆነ በቀር አሁን አንቆርጥም፤ በራሱ ጊዜ ሲወጣ ይሻላል” አለችኝ።

“የበኩሯ እኮ ነው።”

“ቢሆንስ? ለመጀመሪያ ወላጅ ሁሉ ይቆረጥ የነበረው ድሮ ነው። ቆይቶ ሲጠና ለሁሉም ማድረጉ እንደማይጠቅም ታወቀ። እንዲያውም ጉዳቱ ያመዝናል ተባለና ቀረ።”

“ቀረ” ነው ያለችኝ፣ እንደ አሮጌ የአውቶቡስ መስመር። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ልጅቷ እግዜር ይስጣት፣ የደስታ ድካም መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። የምን ደስታ። ንዴት ነበር። የልጅ ልጄን ገና ሳላቅፍ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት የተኛ የመሰለኝ ነገር ተነሣብኝ። ያኔ “ለጥቅምሽ ነው” ያሉኝን ሰዎች ባሉበት ሄጄ በስማቸው ልጠራቸው ቃጣኝ። ደግሞ ብዙም አይደሉም። አንዲት ናት፤ እሷም የእናቴ ልጅ።

እህቴ ታላቄ ናት። መካነ ሰላም ተወልደን አንድ ቁርበት ላይ እየተኛን ነው ያደግነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እናታችን እህል እየነገደች አሳደገችን፤ እስከ ወረኢሉ ገበያ ድረስ በበቅሎ ትመላለስ ነበር። ሁለታችንንም ማስተማር አልቻለችም። ታላቂቱን ትምህርት ቤት ሰደደች፣ እኔን ቁና አስይዛ ገበያ አስቀረችኝ። በዚህ አልተቀየምኩም። አፌ ከልጅነቴ ጀምሮ ለገበያ የተሠራ ነው፣ እሷ ደግሞ ዝምተኛና ብልህ ነበረች። ደሴ ተምራ ነርስ ሆና፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ ተመልሳ በዚያ ጭቃ ላይ ስትሄድ ላያት ሰው ሁሉ “እህቴ ናት” እል ነበር፣ ባይጠይቀኝም።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። ዝናቡ አንድ ዓመት ከዳ፣ በዓመቱም ከዳ። ከአባይ በረሃ በኩል ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ የሞተ ከብቱን ጥሎ ወደ ከተማ ወጣ። ከጤና ጣቢያው በታች ባለው ሜዳ ላይ መጠለያ ተሠራለት፤ መጠለያ ይባል እንጂ ሸራና እንጨት ነው። እህቴ እዚያ ዋለች አደረች። አፋቸው የደረቀ ሕፃናትን በማንኪያ ወተት ስታጠጣ አይቻታለሁ። ሰው የተጸየፈውን ሬሳ ስታጥብ አይቻታለሁ። እውነቱን መደበቅ አልወድም፣ በዚያ ወራት የሷን ያህል የሠራ ሰው አላውቅም። ያኔ ስለሷ ክፉ የሚያወራ ሰው ቢመጣ ዓይኑን ነበር የምጠነቁለው።

ረሃቡ ሳይለቀን ንጉሡ ወረዱ ተባለ። እኔ ያን ጊዜ አንድ አስተማሪ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ባሌ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይውላል። ከተማው ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። በአንዱ ስብሰባ እህቴን ተናገሪ አሏትና ያቺ ዝምተኛ ወጥታ፣ “ከእንግዲህ የመካነ ሰላም እናት መሬት ላይ ተንበርክካ አትወልድም፤ በሠለጠነ እጅ፣ በንጹሕ አልጋ ላይ ትወልዳለች” አለች። ጭብጨባው አያድርስ ነው። እኔም ሆዴን ይዤ አጨበጨብኩ።

ማጨብጨቡ ሌላ፣ መውለዱ ሌላ። ሴቱ ሐኪም ቤት መውለድን የሚፈራው አልጋውን ጠልቶ አይደለም። መቀሱን ነው። እዚያ የወለዱት ጥቂት ሴቶች እግራቸውን ከፍተው፣ ግድግዳ እየያዙ ነበር የሚወጡት። “ልጁ እንዲወጣ ብለው ታችሽን ይቆርጡሻል፣ ከዚያ እንደ ጆንያ አፍ ይሰፉሻል” ይባላል። ያገራችን ሴቶች ደግሞ በሕፃንነታችን አንዴ ተቆርጠናል። ልማድ ነው ብለው ያደረጉብን ነው፣ ያኔ ማን ጠየቀን። እናቴ ራሷ ነች፣ “አንዱ ይበቃሻል፣ ሁለተኛ ማንም ብረት አያስነካሽም” ያለችኝ። ስለዚህ ቤቴ ልወልድ ቆረጥኩ። ጎረቤታችን አንዲት ሙስሊም አሮጊት ነበሩ፣ እናቴን እኔንም እህቴንም ስትወልድ ያዋለዱ። ፍጹም ነበሩ አልልም፤ በእጃቸው የሞተች ሴት አለች፣ ዓይናቸውም ደክሞ ነበር። ግን መቀስ የላቸውም። እምብርት እንኳ የሚቆርጡት ወላጇ ራሷ ባመጣችው ምላጭ ነው።

እህቴ ይህን ስትሰማ እናቴ ቤት መጣች። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ከፊቴ ቁጭ አለችና ሰፌዱን ከእጄ ወሰደችው።

“ከተማው ሁሉ የሚያየው አንቺን ነው” አለችኝ። “የገዛ እህቴ ቤቷ ከወለደች እኔን ማን ይሰማኛል?”

“መቆረጥ እፈራለሁ፣ እትዬ።”

“አብሽሪ። የማዋልድሽ እኔ ራሴ ነኝ። እኔ እያለሁ መቀስ አይነካሽም።”

“ማይልኝ።”

“እናቴ ትሙት” አለች።

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማችና፣ “ምነው፣ ሌላ የሚማልበት ሰው አጣሽ?” አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ለኔ ግን ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ልቤ ዐረፈ። እህቴ በእናቷ ሞት ማለች፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ባሌም ደስ አለው። ለአሮጊቷም ሄጄ፣ “እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ ከእህቴ ጋር ነው የምወልደው” አልኳቸው። “ሸጋ፣ ልጄ። አላህ በሰላም ይገላግልሽ” ብለው መረቁኝ።

ምጡ ጠዋት ያዘኝ። ከእናቴ ጋር ቀስ እያልን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። እናቴን በር ላይ አስቀሯት፣ ደንብ ነው ተብሎ። ቤት ቢሆን ኖሮ ሴቶች ከበውኝ፣ አንዷ ወገቤን ደግፋ፣ ሌሎቹ “ማርያም፣ ማርያም” እያሉ ነበር የምወልደው። እዚያ ብቻዬን ሆንኩ። በጀርባዬ አስተኝተው እግሬን ሁለት ብረት ላይ ሰቀሉት። ሰማዩን ሳይሆን ቆርቆሮውን እያየሁ ማማጥ ጀመርኩ። ለነገሩ እህቴ ነበረች። ላቤን ትጠርጋለች፣ “ጎሽ፣ ሸጋ ነው፣ በርቺ” ትለኛለች። እሷ ባለችበት አልፈራሁም፤ እውነቴን ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ልጁ ወረደ። ይህን ለወለደች ሴት መንገር አያስፈልግም፣ ይታወቃል። “እትዬ፣ መጣ፤ ሊወጣ ነው” አልኳት። አየችኝ፣ ወደ ታችም አየች። ከዚያ እጇን አድርጋ ገታችው።

“ያዢው። አትግፊ” አለችኝ።

“ሊወጣ ነው እኮ።”

“ትንሽ ያዢው አልኩሽ። በአፍሽ ተንፍሺ።”

ወደ በሩ ሄዳ የሆነ ሰው ላከች። እኔ ልጄን ይዤ ቀረሁ። ሊወጣ የመጣን ልጅ አትውጣ ብሎ መያዝ ምን እንደሆነ በምን ቋንቋ ልናገር? ጥርሴን ነክሼ፣ የአልጋውን ብረት ጨምድጄ፣ ታዘዝኳት። ሐኪም ናት፣ እህቴ ናት፣ የምታውቀው ቢኖር ነው አልኩ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ሰዎች ገቡ። አንደኛው ከደሴ የመጣ ተቆጣጣሪ ሐኪም ነው። ሌሎቹ ጤና ረዳት ለመሆን የሚሠለጥኑ ልጆች ናቸው፣ ወንዶችም ነበሩባቸው። እኔ የገዛ ባሌ እንኳ በብርሃን አይቶኝ አያውቅም። “እትዬ፣ ልብስ ጣይብኝ” አልኳት። አልሰማችኝም። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ የስብሰባው ድምፅዋ ሆኖ ነበር። “ይቺ ወላጅ በኩር ናት” አለቻቸው። ይቺ ወላጅ። ስሜን እንኳ አልጠራችም። “ለበኩር ሁሉ፣ ከመቀደዷ በፊት፣ ከዚህ ጀምራችሁ ወደ ጎን ነው የምትቆርጡት።”

ቆረጠችኝ። ማደንዘዣ አልነበረም፣ ያለው ሁሉ መጠለያው ላይ አልቋል። ወፍራም ቡሉኮ በመቀስ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ ከሕመሙ ድምፁ ቀደመኝ። ልጄ ወዲያው ወጣች። እልል የሚል ሰው አልነበረም። ልጅቷን በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዷትና ስፌቱ ተጀመረ። የመጀመሪያውን እህቴ ሰፋች፣ የሚቀጥለውን መርፌ ለአንደኛው ሰልጣኝ ሰጠችው። ያበላሸውን ፈታችውና እንደገና አሰፋችው። እኔ እጮኻለሁ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ “በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ” ይላል። ለኔ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልንገራችሁ፣ ደስ አይልም። አራስ ጠያቂ ገንፎውን ይዞ ሲመጣ እኔ በአንድ ጎኔ ተንጋድጄ ነው የምቀበለው። ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ሽንቴ በመጣ ቁጥር ነጠላዬን ነክሼ አለቅሳለሁ። ያ ዓመት ደግሞ የጠገበ ሰው እንኳ የከሳበት ነው፤ ቅቤ የለም፣ ሥጋ የለም፣ ቁስል በምን ይድናል። መግል ያዘ። ስፌቱ ተፈታ፣ በቁስሉ ላይ ሌላ ስፌት ተሰፋ። ባሌ ቀን ለሕዝብ ስለ ነፃነት ይናገራል፣ ማታ ቤት ገብቶ ፊቴን ማየት ይፈራል። ምን ያድርግ። አጠገቤ ሲመጣ ገላዬ ድንጋይ ይሆንብኝ ነበር፤ ይህም ከቁስሉ በኋላ ዓመታት ዘለቀ።

እህቴ ቁስሌን ልታጥብ በየጊዜው ትመጣለች። እጇ ንጹሕ፣ ሥራዋ ጥንቁቅ። አንድ ቀን ዝም ማለት አቃተኝ።

“ምለሽልኝ ነበር” አልኳት።

“ለበኩር ሁሉ ይደረጋል። ባልቆርጥሽ ትቀደጂ ነበር። ለጥቅምሽ ነው” አለች፣ ጥጡን እያራሰች።

“ታዲያ ለምን ማልሽ?”

“ባልምልልሽ ትመጪ ነበር?”

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ቁስሉ ሊያመኝ የሚችለውን ያህል አሞኛል፣ ይህ ግን አንጀቴ ውስጥ ገባ። ጨርቁን ከእጇ ነጥቄ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ እንዳትመጪ” አልኳት። ጥጧንና ጠርሙሷን ሰብስባ ወጣች። በወሩ ያ ተቆጣጣሪ መርጧት ለተጨማሪ ትምህርት አዲስ አበባ ተላከች። ስንብቷን ከሰው ሰማሁ።

ስትመለስ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሆነች። እኔ ቂሜን ይዤ፣ እሷ ሥራዋን ይዛ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሳንነጋገር ኖርን። እናቴ ቤት እሷ ካለች እኔ በር ላይ ያመጣሁትን ሰጥቼ እመለሳለሁ። “የአንድ ሆድ ልጆች፣ ምን ይሉኛል” እያለች እናቴ አረጀች። ሽማግሌም ላከችብኝ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? ለጢማም ሽማግሌ ተቆርጬ ተሰፋሁ ይባላል? “የሴት ነገር ነው” አልኳቸውና ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ገበያ ላይ እህሌን ዘርግቼ ስቀመጥ ከጤና ጣቢያው የሚወርዱትን የበኩር ወላጆች አያለሁ። አረማመዳቸውን አይቼ አውቃቸዋለሁ። አንዷን ቀረብ ብዬ፣ “እንዴት ብለሽ እሺ አልሽ?” ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? “ሲስተር እኮ የገዛ እህቴንም ያዋለድኳት እንዲሁ ነው አለችኝ፤ ለእህቷ ያደረገችውን ብዬ ነው” አለችኝ። እህቷ እኔ መሆኔን አላወቀችም። ቁናዬን አንሥቼ ወደ እህሌ ተመለስኩ። የኔን ቁስል ለከተማው ማግባቢያ አድርጋዋለች ለካ። አበስኩ ገበርኩ።

እህቴ ዘግይታ አገባች፣ ዘግይታም አረገዘች። ወሬውን እንደማንም ሰማሁ፤ መውለጃዋ ሲቃረብ ፈቃድ ወስዳ ደሴ ልትወልድ ሄደች ተባለ። ይሁን አልኩ። አንድ ቀን ከምሳ በፊት እናቴ እየሮጠች መጣች፣ ያን ጊዜ መሮጥ የማትችል አሮጊት ሆናለች።

“ነይ፣ ተጠርተሻል። እህትሽ ምጥ ከትናንት ጀምሮ ጠንቶባታል” አለችኝ።

ለምን እንደተጠራሁ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በኛ አገር ምጥ ሲጠና ሴቶቹ ወላጇን፣ “ማን ተቀይሞሻል?” ብለው ይጠይቋታል። ቂም ምጥን ያስራል ይባላል። የተቀየማት ሰው ተጠርቶ ይመጣል፣ እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ይቅር ይላታል፣ ማህፀኗም ይፈታል። ቂመኛ ተጠርቶ ካልመጣና አንዳች ነገር ከደረሰ ደሙ በሱ ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

“ደሴ አይደለች እንዴ?” አልኳት መንገድ ላይ።

እናቴ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋ ወደ ገዛ ቤቷ ይዛኝ ሄደች።

እህቴ እናቴ ጓዳ ውስጥ፣ አጎዛ ላይ ተንበርክካ፣ የምሰሶ ገመድ ይዛ ነበር። ጋዋን የለ፣ አልጋ የለ። አሮጊቷ ጎረቤታችን ከኋላዋ ተቀምጠው የተልባ ውሃ በጣባ ይዘዋል፣ “ያ ፋጢማ፣ ያ ፋጢማ” ይላሉ። ሌሎቹ ሴቶች “ማርያም” ይላሉ። ጤና ጣቢያው ከእናቴ ደጃፍ ይታያል። እዚያ የምትሠራዋ፣ ሴቱን ሁሉ ነይ ግቢ የምትለዋ፣ ለባልደረቦቿ ደሴ ነኝ ብላ ዋሽታ እዚህ ተደብቃለች።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

“ለምን እዚህ?” አልኳት፣ ቀስ ብዬ።

“ሐኪም ቤት ይቆርጡኛል” አለች።

“አንቺን? አለቃቸውን?”

“ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ አውቃቸዋለሁ እኮ። የበኩር ከሆነ አይጠይቁም።”

ምጡ መጣባትና ገመዱ ላይ ተንጠለጠለች። ሲለቃት ላቧን ጠረግኩላት፤ ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ እጄ ራሱ ሄደ። ሴቶቹ ቃሉን እንድናገር በዓይናቸው ይጠቅሱኛል። እኔ ግን መጀመሪያ ያንን ማወቅ ነበረብኝ። ዓመታት ሆዴን የበላኝን ነገር።

“ያኔ ልጄ ሊወጣ ነበር። አይደለም?”

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

“ለምን ያዢው አልሽኝ?”

“ተቆጣጣሪው ምሳ ላይ ነበር። እስኪመጣ ነው። ስቆርጥና ስሰፋ ካላየ አይመርጠኝም ነበር።”

“በሌላ አታሳይም ነበር? ስንት ሴት አለ።”

“ሌላዋ ትከሰኝ ነበር፣ ባሏም ይደበድበኝ ነበር” አለች፣ ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ። “አንቺ እህቴ ነሽ። አትጨክኝብኝም ብዬ ነው።”

ይህን ስትለኝ እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ነበር። በክፋት አልነበረም የተናገረችው። እንደ ምስጋና ነበር የተናገረችው፣ የሚዘገንነኝም እሱ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሳታስበው ቀርታ ይሆናል፣ ደንብ አስገድዷት ይሆናል፣ ሐኪሙን ፈርታ ይሆናል እያልኩ አንዳንድ ጊዜ ልራራላት ይቃጣኝ ነበር። ለካ አስባበታለች። ከሁሉ ሴት መርጣ እኔን አልጋው ላይ ያስተኛችው ስለምወዳት ነው። እኔ ስላመንኳት ነው የተቆረጥኩት።

“ልጄ፣ በይ ፍቻት” አሉ አሮጊቷ። “ሕፃኑ ደክሟል።”

እናቴ እግሬ ስር ወደቀች። እናት በልጇ እግር ስር መውደቋ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሕፃኑ ደግሞ ምን አደረገኝ? እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ “ይቅር ብዬሻለሁ። ከሆዴ አውጥቼዋለሁ። እግዜር ይፍታሽ” አልኩ። ከዚያ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል ነው የጠበቅኩት፣ “ይቅር በይኝ” የምትል። ልማዱ ግን የሚያናግረው የተበደለውን ነው፤ የበደለው ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። እሷም አላለችም።

ከቃሉ ይሁን ከተልባው እንጃ፣ ምጡ ገፋ። አሮጊቷ እየቀባቡ፣ “አትቸኩይ፣ ቀስ፣ ይምጣ፣ በራሱ ይምጣ” ይላሉ። ወንድ ልጅ ወጣ። እልልታው ቤቱን ሞላው። አሮጊቷ ዓይናቸው ስለደከመ በእጃቸው ዳሰሷትና፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንሽ፣ አልተቀደድሽም” አሏት። እህቴ አላመነችም። ራሷ እጇን ሰድዳ አረጋገጠች፣ ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ የአሮጊቷን እጅ እየሳመች። ሲያጥቧት አየኋት። ሲያበቁ መደቡ ላይ ወጥታ፣ ተደላድላ፣ በሁለቱም ጎኗ ቁጭ ብላ ልጇን አጠባች። እኔ ያን አልጋ ከለቀቅኩ ጀምሮ እንዲያ ለመቀመጥ ስንት ወር እንደፈጀብኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ሴቶቹ ተራ በተራ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” አሏት፣ እኔም አልኳት። እናቴ ደስታዋን መያዝ አቅቷት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ትስማለች፣ ታርቀዋል ብላ። ልወጣ ስነሣ እህቴ በእጇ ጠቀሰችኝ። ጎንበስ አልኩላት። አሁን “ይቅር በይኝ” ትለኛለች ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ ጠበቅኩ።

“እዚህ እንደወለድኩ ለማንም እንዳትነግሪ” አለችኝ በጆሮዬ። “ሥራ ቦታ ከሰሙ አልቆልኛል። እነዚህን ሴቶች እማዬ ታስምላቸዋለች፤ አንቺን ግን አላስምልሽም። አንቺን አምንሻለሁ።”

ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። ደጅ ፀሐይ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው ዳገት ላይ አንዲት ልጅ እግር እርጉዝ፣ ባሏን ተደግፋ፣ በየመሀሉ እየቆመች ወገቧን እየያዘች ትወጣለች። ምጥ ላይ ናት። ደረስኩባትና ክንዷን ያዝኩ።

“የመጀመሪያሽ ነው?” አልኳት።

“አዎ፣ እትዬ።”

“ግቢ፣ ውለጂ። ግን መቀሱን ሲያነሡ እምቢ በይ” አልኳትና እህቴ የት እንደወለደች፣ ለምን እዚያ እንደወለደች፣ ባሏም እየሰማ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።